ለእናቴ የተያዘው ድንኳን

እናንተዬ፣ ሰውን በቁሙ ሲቀብሩት አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ! እናቴ ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እኔ ጠዋት መርካቶ ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ ምሳ ሰዓት ባለቤቴ የሠራችውን ሾርባ ይዤ ከሲኒማ ራስ በታክሲ ወደ ሆስፒታሉ እበራለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ሾርባውን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል የእድራችን ዳኛ ጋሽ በየነ ሳል እያጣደፋቸው ሱቄ ከች አሉ።

«እናትህ እንዴት ናቸው?»

«ተመስገን ጋሼ፣ ቀና ብላ መቀመጥ ጀምራለች።»

«ጎሽ። እንደው የቅዳሜው ነገር እንዴት ይሆን ብዬ ነው።»

«የቅዳሜው ምን?»

«ድንኳኑን ለሰርግ አከራዩን ብለውናል። እኛ ደግሞ ምናልባት ያንተ ሐዘን ከመጣ ብለን ይዘንልሃል።»

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ! «ጋሼ፣ በዚህ ሳልዎ እርስዎ ይቀድማሉ፤ ለራስዎ ይያዙት!» ብዬ ጮህኩ። ብርድ ልብስ የምትመርጥ ደንበኛዬ ደንግጣ ጥላኝ ወጣች። እሳቸው ግን መች አፍረው! «ምን ያስቆጣሃል? ለአንተው አስበን እኮ ነው» ይሉኛል።

እናቴ ጋ ስደርስ «ምን አቆየህ?» አለችኝ። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ንዴቴ አፌን ከፈተውና ዘረገፍኩላት። ሰማችኝና «የማን ልጅ ናት የምትዳረው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ!»

«በል ድንኳኑን ይስጧቸው። እኔ እንደሆነ ቅዳሜ አይመቸኝም በላቸው» ብላ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች። ጎን ያሉት በሽተኞችም ሳቁ። እሷ ትሳቅ፣ መብቷ ነው። እኔ ግን ጋሽ በየነን እስከ ዛሬ ሰላም አልላቸውም።