የጆንያ ጸሐፊ

ግራር አፋፍ ከተማ፣ መብራት ጠፍቶ የቆመ ወፍጮ ቤት ጓሮ፤ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ሠራተኛና የ«አፋፍ ድምፅ» መጽሔት በጎ ፈቃደኛ አከፋፋይ ይርሳው፣ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ መምህር አንለይ ጆንያ ተሸክሞ መጥቶበት ይነጋገራሉ።

ይርሳው፦ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን፣ በጽዮን ማርያም ማግስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንተ በመጽሔቱ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠሃል፤ ሻይህ ተጋምሷል። ስምንት ሰው በተሰበሰበበት «ጋሽ ይርሳው፣ የእርስዎ ብዕር ለጆንያ ነው፤ መጽሔቱን ለእኛ ይተዉልን» አልከኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ገጣሚዋ ማርዘነብ ናት። ቀጥሎ የስፖርት ዓምዱ ዳምጤ። ነርሷ ብዙአየሁ አልሳቀችም፤ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱም ከሳቅ ይቆጠራል።

አንለይ፦ ጋሽ ይርሳው፣ እኔ እኮ «እንዴት ዋሉ» ነው ያልኩት።

ይርሳው፦ እኔም እንዴት እንደዋልኩ ነው የነገርኩህ።

አንለይ፦ ዓመት ሊሞላው ነው! ስምዎ ይርሳው፣ የሚረሱት ነገር የለ።

ይርሳው፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ስድቡን ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ደግሞ ይሄ ጆንያ ምንድን ነው?

አንለይ፦ ማሽላ። እናቴ አስፈጭ ብላ ነው።

ይርሳው፦ እናትህ ሃያ ዓመት እዚህ ስታስፈጭ አንተን ልካ አታውቅም። ሰው አይቶ «ዋና አዘጋጁ ይርሳው ደጅ ምን ሊሠራ ሄደ?» እንዳይል ሰበብ ተሸክመህ መጣህ። በል አምጣው፤ ከሰሉ እዚሁ ነው፣ ስምህን ልጻፍበት።

አንለይ፦ አያስፈልግም። አጠገቡ እቆማለሁ።

ይርሳው፦ እንደወደድክ። እዚህ ቤት ግን ስም ያልተጻፈበት ጆንያ ተራ የለውም፤ የመምህርም ይሁን የቄስ።

አንለይ፦ እሺ፣ ለወፍጮ አልመጣሁም። ትናንት በገበያ መሐል ሌባ ተባልኩ!

ይርሳው፦ ማን አለህ?

አንለይ፦ ወይዘሮ ይመኙሻል። አዲሱን እትም አፍንጫዬ ሥር እያራገበች፣ «ፍሬውን ገንጥላችሁ አስቀርታችሁ ገለባውን ሰጣችሁን!» ትለኛለች። ማንበብ የማትችል ሴትዮ! ጎረቤቷን አስቀምጣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አስነብባ፣ የአያ ደረበ ጉድጓድ የሚባል ታሪክ አጣችበት። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሌላዋ። በርበሬ ሻጮቹ ሳይቀሩ ተነሱብኝ።

ይርሳው፦ በስንት ሰው ፊት?

አንለይ፦ ገበያ እኮ ነው፤ ማን ይቆጥራል?

ይርሳው፦ እኔ ብሆን ቆጥሬ ነበር።

አንለይ፦ አይቀልዱ! አምስት ዓመት ሙሉ ከሦስት መቶው ቅጂ ሁለት መቶው ዕቃ ቤት አይጥ ሲበላው ኖሮ፣ የዘንድሮው በሳምንት አለቀ። እኛ ደግሞ ርዕሰ አንቀጹ ነው ብለን ደስ ብሎን ተቃቀፍን።

ይርሳው፦ የቱ ርዕሰ አንቀጽ?

አንለይ፦ «የጋራ ራዕይ ለጋራ ዕድገት»።

ይርሳው፦ አዎ፣ እሱን አንድ ቀን አነበብኩላቸው። መብራት ሳይመጣ፣ እህላቸው ሳይፈጭ፣ ተነስተው ቤታቸው ሄዱ።

አንለይ፦ ታዲያ ሌላውን ቀን ምን እያነበቡላቸው ነው?

ይርሳው፦ መጽሔቱን።

አንለይ፦ መጽሔቱ ላይ ደረበ የሚባል ሰው የለም!

ይርሳው፦ እንዲኖር ጽፌ አምጥቼው ነበር፤ አንቀበልም አላችሁ። መብራት ይጠፋል፣ ወፍጮው ይቆማል፣ ሰው ይሰለቻል፤ «ይርሳው፣ እስቲ ያችን ነገር አንብብልን» ይሉኛል። መጽሔታችሁን ፊቴ እዘረጋለሁ። ዓይኔ የአንተ ርዕሰ አንቀጽ ላይ ነው፤ አፌ የራሴን ይናገራል። ገጽ እየገለጥኩ ነው ታዲያ! የመጽሔቱን ወግ አላጓደልኩም።

አንለይ፦ ይሄ ማታለል ነው።

ይርሳው፦ ይሁን። ሴቶቹ ያው ከፊት ለፊት ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሂድና «ይርሳው አታልሏችኋል፣ ታሪኩ የራሱ ነው» በላቸው።

አንለይ፦ አብጃለሁ እንዴ? ትናንት ያመለጥኩት በተአምር ነው።

ይርሳው፦ እንግዲያው ማሽላህን ይዘህ ተመለስ።

አንለይ፦ ቆይ እንጂ፤ እንነጋገር። ለሚቀጥለው እትም ታሪኩ እንዲወጣ ፈልገናል።

ይርሳው፦ ማን ነው የፈለገው? ኮሚቴው?

አንለይ፦ እኔ። ኮሚቴው ገና አልሰማም።

ይርሳው፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። ገበያ ላይ ባትዋረድ ኖሮ የይርሳው ብዕር እስከ ዛሬ የጆንያ ነበረች።

አንለይ፦ ቃሌ እንዳስቀየመዎት ገባኝ። ይቅርታ። ይኸው፣ ይቅርታ ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ይርሳው፦ የአንተ ራስ አልተመለጠም፤ የእኔ ነው የተመለጠው። ስድቡ በስምንት ሰው ፊት፣ ይቅርታው በወፍጮ ቤት ጓሮ? ደግሞ አንቱ እያልክ ነበር የሰደብከኝ። አንተ ብለህ ብትሰድበኝ አንድ ነገር እመልስ ነበር፤ አንቱ ሲሉት ሰው ምን ይመልሳል? መሳቂያ ሆኜ መጽሔቴን ታቅፌ ወጣሁ።

አንለይ፦ ግን መጽሔት ማደሉን አልተዉም። አንድም እትም አልቀረም። ለምን?

ይርሳው፦ ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው። አሁን ስለ ታሪኩ አውራ። እንዴት ነው የምታወጣው?

አንለይ፦ እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቋንቋውን ትንሽ አሳምሬ። ከሥሩ ደግሞ «ከአንድ የከተማችን ነዋሪ የተገኘ» እንላለን።

ይርሳው፦ ከአንድ ነዋሪ።

አንለይ፦ ይረዱኝ እንጂ። ዓምና እኔው ያባረርኩትን ሰው ስም ዘንድሮ እኔው ባወጣ፣ እነማርዘነብ ምን ይሉኛል? ቀስ እያልን ደግሞ፣ በሚቀጥለው...

ይርሳው፦ ስም ያልተጻፈበት ጆንያ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ማታ ላይ ባለቤት የለውም ይባልና ማንም ይሸከመዋል።

አንለይ፦ ማንም አይሸከመውም! ሲወጣ ሰው ሁሉ የእርስዎ መሆኑን ያውቃል።

ይርሳው፦ መሐል ገበያ ያለው የውኃ ጉድጓድ ክዳን ሲሚንቶው ላይ የማን ስም ነው ያለው?

አንለይ፦ የመረቀው ባለሥልጣን።

ይርሳው፦ ሪባን ሊቆርጥ ለአንድ ቀን የመጣ ሰውዬ። የቆፈረውን ግን «ሰው ሁሉ ያውቃል» ተብሎ ቀረ። ይኸው አርባ ዓመቱ ነው። እኔ ካነበብኩላቸው ሴቶች ውጭ አንድ ሰው ጠይቅ እስቲ፣ ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ ካገኘህ። አንተ ሰባት ጊዜ ስለዚህ ጉድጓድ ጽፈሃል፤ አንድ ጊዜ ስሙን አንስተሃል?

አንለይ፦ አላነሳሁም።

ይርሳው፦ ደብተሬ የት አለ?

አንለይ፦ የቱ ደብተር?

ይርሳው፦ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ያመጣሁት። ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል፣ ሰማያዊ።

አንለይ፦ እሱማ... ማኅደር ውስጥ ነው። በክብር ተቀምጧል።

ይርሳው፦ ስንት እግር አለው ማኅደሩ?

አንለይ፦ ምን?

ይርሳው፦ እግር፣ እግር። እኔ የማውቀው ማኅደር አራት እግር አለው። ደብተሬ ያለው በግራው እግር ሥር ነው፣ በመስኮቱ በኩል። ጠረጴዛው ሲነቃነቅባችሁ አራት ላይ አጥፋችሁ ሸጎጣችሁት። መጽሔት ልወስድ በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ማርዘነብ እሱ ላይ ተደግፋ ግጥም ትገለብጣለች። አንተ እሱ ላይ ተደግፈህ የጋራ ራዕይ ትጽፋለህ።

አንለይ፦ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እያዩት?

ይርሳው፦ አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን።

አንለይ፦ ታዲያ ለምን አላነሱትም? ጎንበስ ብሎ መሳብ ነበር!

ይርሳው፦ የጣለው ያንሳው ብዬ። ለምን አልተዉም አልከኝ አይደል? እሱን ለማየት ነበር የምመጣው። ዛሬ ያነሱት ይሆን እያልኩ። አሁን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያን ቀን እንደዚያ ስትለኝ አንብበኸው ነበር?

አንለይ፦ የመጀመሪያውን ገጽ...

ይርሳው፦ መምህር!

አንለይ፦ አልገለጥኩትም። እጅ ጽሑፉን አይቼ ነው። በከሰል የለመደ እጅ፣ ወፍራም ወፍራም ፊደል... አላነበብኩትም።

ይርሳው፦ ተማሪህ ፈተናውን ሳያነብ ቢመልስልህ ስንት ትሰጠዋለህ?

አንለይ፦ ዜሮ።

ይርሳው፦ እንግዲህ ያዛት። እኔ ስድስተኛን ሳልጨርስ ነው ያቋረጥኩት፤ አልደብቅም። ግን ያላነበብኩትን አንብቤአለሁ ብዬ ሰው አሳንሼ አላውቅም። አምስት ዓመት የእናንተን ወረቀት በትከሻዬ ተሸክሜ ቤት ለቤት አዳረስኩ። በዝናብ ፕላስቲኩን ለራሴ ሳይሆን ለመጽሔቱ ነው ያለበስኩት። ጋሽ ይርሳው፣ ጋሽ ይርሳው ትሉኛላችሁ። እስቲ የአባቴን ስም ንገረኝ። ከስምንታችሁ አንዱ ያውቀዋል?

አንለይ፦ ደረበ።

ይርሳው፦ ምን አልክ?

አንለይ፦ ደረበ። ይርሳው ደረበ።

ይርሳው፦ ከየት አመጣኸው?

አንለይ፦ ከደብተሩ ሽፋን ላይ። ትናንት ከገበያ እንደተመለስኩ ከጠረጴዛው ሥር ሳብኩት። ይኸው፣ ከለበስኩት ኮት ሥር ነው ያለው። ማኅደር ያልኩት አፍሬ ነው።

ይርሳው፦ እስቲ አምጣው። ... ታጥፎ ቀረ።

አንለይ፦ መጽሐፍ ጭኜበት ነበር፤ አልቃና አለ።

ይርሳው፦ አባቴ ከመሬት በታች ሃያ ሁለት ክንድ ወርዷል። ሰው ፍልፈል እያለ ሲስቅበት። እናንተ ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ጨመራችሁበት።

አንለይ፦ አነበብኩት፣ ጋሽ ይርሳው። እናትዎ ቆሎውን በሞሰብ አድርገው በገመድ ሲያወርዱለት፣ አባትዎ ከታች ሆኖ «ደርሷል!» ሳይሆን «ጨለማው ሞቅ ያለ ነው!» እያለ ሲያሳስቃቸው... ያችን ቦታ ሦስት ጊዜ ደገምኳት። ሃያ ዓመት ተማሪ «ስሜታችሁን ጻፉ» እያልኩ ሳስተምር እንዲህ ያለ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።

ይርሳው፦ እናቴ እንደነገረችኝ ነው የጻፍኩት። የእኔ ብልሃት የለበትም።

አንለይ፦ ከዚያ ድንጋዩ ተሰነጠቀ፣ ውኃው ወጣ። ከዚያ ያ ፍልፈል ያሉት ሁሉ፣ ልጆቹን እያሳቁ ጉድጓዱ ውስጥ አፈር ይበትኑ የነበሩት ሳይቀሩ፣ በማግስቱ ጠዋት እንስራቸውን አዝለው መጡ። አባትዎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ገመዱ በእጁ ነው። ቢላዋም ይዟል ይላል ጽሑፉ።

ይርሳው፦ ቅርፊት የሚልጥባት ቢላዋ ናት፣ ሁሌ ከወገቡ አትለይም።

አንለይ፦ ከዚያስ?

ይርሳው፦ ከዚያማ ተጽፏል።

አንለይ፦ የለም! መጨረሻዋ ቅጠል ወደ መሬት ነው የነበረችው። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ርሳለች፣ ጠረጴዛው ሲነቃነቅም ተፈግፍጋለች። ይዩት፣ ቀዳዳ ነው። አንድ ቃል አይነበብም። ገመዱን አቀበላቸው ወይስ ቆረጠው?

ይርሳው፦ ለሴቶቹም እስከዚሁ ነው ያነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ሦስቴም እዚህ ስደርስ መጣ።

አንለይ፦ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። እኔ ብሆን እቆርጠዋለሁ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እንስራ ከያዙት አንዱ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ይስሙ፤ ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ያው ክፍል፣ ያው ስምንት ሰው። ቆሜ፣ ሳላነብ እንደሰደብኩዎት እናገራለሁ፤ ደብተሩ የት እንደነበረ ጭምር። ማርዘነብ ከፈለገች ትሳቅ። ታሪኩም «በይርሳው ደረበ» ተብሎ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ርዕሰ አንቀጹ ከኋላ ይሂድ። ይኸው የእኔ። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ አባትዎ ምን አደረገ? ... ጋሽ ይርሳው? የት ይሄዳሉ? እያናገርኩዎት እኮ ነው! ... ደብተሩን ይዘው ወደ ሴቶቹ ነው? መብራቱ እኮ አልመጣም... ጋሽ ይርሳው! ዛሬ ሊጨርሱላቸው ነው? ... ይቆዩኝ እንጂ፣ እኔም መጣሁ! ከሰሉን ይያዙልኝ፤ ጆንያዬ ላይ ስሜን ይጻፉበት።