የሼፉ እጅና ቢጫው ጄል

ከጁባ መሀል ወደ ሎሎጎ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት አበሾች አይተዋወቁም፤ አንዱ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ የሆቴል ሼፍ ነው፣ ሌላዋ ዘንቢል ያቀፉ እናት ናቸው።

“ምን ነካህ ልጄ?”

“ዘይት አቃጠለኝ፣ እማማ። ክሊኒክ ጄል ያለበት ፋሻ ለጠፉልኝ፤ ጄሉ ጀርም የሚገድል መድኃኒት አለው።”

“በየቀኑ ታየዋለህ ታዲያ?”

“‘እኛው እንከፍተዋለን፣ እንዳትነካው’ ብለውኝ ነበር።”

“ነበር?”

“በማግስቱ ከፈትኩታ! ቢጫ ነገር ሳይ መግል መስሎኝ በጨው ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት።”

“ደግ አደረግህ!”

“ምን ደግ አለው፣ መድኃኒቱን እኮ ነው ያጠብኩት! ጄሉ የቁስሉን ውሃ ሲመጥ ቢጫ ይሆናል ለካ። ነርሷ ‘ድስት መሰለህ እንዴ፣ በየደቂቃው የምትከፍተው?’ ብላ አዲስ ለጠፈችልኝ።”

“ሁለተኛውንስ?”

“ኻላስ፣ በቃ፣ አልነካሁትም። ሆቴሉ ሌላ ሼፍ ሊቀጥር ነበር፤ ያለ እጄ ጁባ ምን እሠራለሁ? አሁን ክሊኒክ ሲከፍቱት ግን አዲስ ቆዳ አብቅሏል። አለቆቼም ሰኞ ሥራ ግባ አሉኝ።”

“እሰይ! ይሄ ፋሻስ?”

“ለጥንቃቄ ነው።”

“በል ከሽታ ተጠንቀቅ። ሽቶ ካለበት ከተቀመጥክ ቁስሉ ያመረቅዛል።”

“ነርሷ እሱን አላለችኝም።”

“ፈረንጅ ምን ታውቃለች?”

“ኧረ የደሴ ልጅ ናት!”

“እንግዲያው ጁባ አስረስቷታል።”

እኔም ለሱቄ የገዛሁትን የሽቶ ካርቶን ከጭኔ ላይ ሳብ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።