ኩበት የሚገለብጠው እንግዳ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ የቲቤት ሰው አሳፍሬ ወደ ኩታበር ስንወጣ ጉሙ መኪናችንን ዋጠው። ድንገት «አቁም!» አለኝና ወርዶ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ከተሰጣው ኩበት አጠገብ ቁጢጥ አለ። እርጥብ እርጥቡን እየለየ ይገለብጥ ጀመር። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ!

የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ብቅ ሲሉ «ይቅርታ እማማ፣ እንግዳ ነው» አልኳቸው።

«ተወው፤ እጁ ያውቃል» አሉኝ።

እሱም ስልኩን አሳያቸው፦ ዛፍ የሌለው ተራራ፣ ጠጉራቸው መሬት የሚጠርግ ጥቋቁር ከብቶች፣ ኩበት የምትገለብጥ ሴት።

«ከብቱ ጋቢ ለብሷል እንዴ!» ብለው ሳቁ።

«ሴትዮዋ እናቴ ናት። አሁን የለችም» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

ሳቃቸው ጠፋ። አጠገቡ ቁጭ አሉና «አብሽር ልጄ» አሉት፤ «በል፣ ያችንም ገልብጥልኝ።»