በሬ ያልታረደበት ተዝካር

ጋሽ ወልደየስ እናታቸውን አልቅሰው እንኳ አልጠገቡም፤ የተዝካሩ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል። እማሆይ የትነበርሽ ደብረ ታቦር ላይ ካረፉ አርባቸው ሊደርስ ነው። ጋሽ ወልደየስም በሚኖሩበት በሆላንድ፣ ለበሬና ለአዳራሽ ከማኅበራቸው አባል ከአበጋዝ ሊበደሩ፣ አበጋዝ ወዳለበት ሰፈር ወደ አምስተርዳም ኖርድ በሚሻገረው ጀልባ ላይ ቆመዋል። የቤት ኪራይ ግን ውዝፍ አለባቸው፤ አከራዩ ቤቱን እንደሚያስለቅቃቸው አስጠንቅቋል። ጉድ እኮ ነው!

እዚያው ጀልባ ላይ የጓደኛቸው የሞገስ ልጅ ሳያት ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ሳያት ኸሜንተ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ፣ ዕዳ ያስጨነቃቸውን ሰዎች ታማክራለች።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሽ ወልደየስ። ወዴት ነው?»

«አበጋዝ ዘንድ ነው ልጄ። ለተዝካሩ ጥቂት ቢያበድረኝ ብዬ ደውዬለታለሁ።»

«ስለ ቤትዎ አባቴ ነግሮኛል። ኪራዩ ሳይከፈል ለድግስ ይበደራሉ?»

«ታዲያ እናቴን እንዲሁ ልርሳቸው? አበጋዝ ለአባቱ በሬ ጥሎ፣ ሄግ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከሮተርዳሙ ሰፈር ከሻርሎይስ ሳይቀር ሰው ጠርቶ አበላ። እኔ ዝም ብል ሰው ምን ይለኛል?»

ይህች «ሰው ምን ይለኛል» የሚሏት ነገር ስንቱን ቤት አፈረሰች! የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ ግን ስሙን የሚነግርዎት የለም።

ሳያት በትሕትና ጠየቀች። «እማሆይስ ምን ይወዱ ነበር?»

«ጸሎት ነዋ። ሥጋ እንደሆነ ከመነኮሱ ወዲህ አልቀመሱም።»

ይህን ብለው ራሳቸው ደነገጡ።

«ቤተ ክርስቲያን ለሙት ጸልዩ፣ ድኻ አብሉ አለች እንጂ፣ ተበድራችሁ የጠገበውን አጥግቡ አላለችም። ጌታም ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያስብ ብሎ አስተምሮናል» አለች ሳያት።

«ኸሜንተ ሄጄ ቸገረኝ ማለቱ ግን ውርደት ነው ልጄ።»

«ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ያፍራል እንዴ? ከአከራዩ ጋር ተነጋግረን ውዝፉን ቀስ እያልን እንከፍላለን። በላዩ አዲስ ብድር ከጨመሩበት ግን ቤቱን ማትረፍ እኔም አልችልም። ነገ ቢሮ እጠብቅዎታለሁ።»

ጀልባው ዳር ደረሰ። እሷ ተሰናብታ ወረደች፤ ጋሽ ወልደየስ አልወረዱም። በዚያው ጀልባ ተመለሱ፤ በማግስቱም ቢሮዋ ተገኙ።

በአርባው ቀን ሮተርዳም ባለው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ቆሎ ቀረበ። ጋሽ ወልደየስ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ በሬ አልጣልኩም። አቅሜ ይኸው ነው። እናቴም ሥጋ አይበሉም ነበር።»

ካህኑ «የልጅ ወጉ ይህ ነው» ብለው መረቋቸው፤ ሕዝቡም አሜን አለ። አበጋዝ ግን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው።

«ጋሼ፣ የሳያትን ስልክ ይስጡኝ። የአባቴን በሬ ዛሬም እየከፈልኩ ነው። ያን የደወሉልኝ ቀን መጥተው ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት አፍሬ፣ ከሌላ ተበድሬ ላበድርዎት ነበር።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኚህ ሰው ግን ምክር ሰምተው ከመከራው ዳኑ። ከቤታቸው አልወጡም፤ ውዝፉም ተከፍሎ አለቀ። አበጋዝም መክፈያው ተስተካክሎለት እፎይ አለ። በማኅበራቸውም ተበድሮ መደገስ ቀርቶ፣ ለተቸገረ ማዋጣት ተለመደ።

የእማሆይ ሙት ዓመት ሲደርስ ጋሽ ወልደየስ በገዛ ገንዘባቸው ምስር ወጥ አሠርተው በስደተኞች መጠለያ ያሉትን አበሉ። ያን ቀን አንገታቸውን ቀና አድርገው ዋሉ፤ የማንም ዕዳ አልነበረባቸውማ።