ዳኞቹ የተማሩት አዎንታ

ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወደ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት ዳኞችን ያስተማሩት?»

«እኔ ነኛ! የልጅ ልጄ በጠብ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፈረንጇ ዳኛ ‹ገባህ?› ስትለው፣ እንደኛ እንደ ሐበሾቹ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። ጭንቀት አፈነው ብላ ሐኪም አስጠራች።»

«ውይ በሞትኩት!»

«‹አዎ ማለቱ እኮ ነው› አልኳት። ስለ ልጆች ጭንቀት ለሚሠለጥኑት ዳኞች ያስረዱልን ብላ ወሰደችኝ።»

«ቻሉበት?»

«አንድ ክፍል ሙሉ ዳኛ ባንዴ ትንፋሹን ሲስብ ብታዪ፣ በሳቅ ትሞቻለሽ!»

«ልጁስ?»

«ዛሬ ‹ወደ ቤቴ ልሂድ?› ብሎ ጠየቃት። ዳኛዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ!»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።