የገሜዳ አውራ ጣት

የተከበራችሁ የሥራ ጓደኞቼ፣ ጌታዬ አቶ ሰብስቤ፣ እመት ሸዋገነት፣ ለአሮጌው ደበላ መሸኛ ብላችሁ ይህን ሁሉ ስለደገሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ለመሆኑ ኮልፌ ውስጥ የተረፈች ዶሮ አለች? ሁሉም እዚህ ወጥ ውስጥ የገቡ መሰለኝ።

ስጦታችሁንም አይቻለሁ። ከመስኮቴ ላይ የነበረችውን የመዳብ መገጣጠሚያ ፈቀደ በሎሚና በጨው ፈግፍጎ፣ በአመድ ወልውሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ዛሬ ጠዋት ሰጠኝ። ፊት ታሳያለች! ፈቀደ እንደሆነ ሎሚ ካገኘ የራሱንም ጥርስ ከመወልወል አይመለስም።

ጨርቁን ስፈታ ለምን ወደ ጓሮ እንደወጣሁ ግን ልንገራችሁ። ወዬሳ፣ አንተ ለበሩ ትቀርባለህና እስቲ ዝጋው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ።

ፈቀደ ያስለቀቀው ያ አረንጓዴ ዝገት የልጄ የገሜዳ አውራ ጣት ነበር።

አብራችሁት የሠራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሲበይድ እጁን አይጠርግም። አሲድ በነካው ጣት መዳቡን ይጨብጣል፤ ሰንበት ሲል የጣቱ መስመር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ስንቴ ጮህኩበት! «እጅህን ጥረግ! ሥራህን አታበላሽ!» አንድ ጊዜ አንዲት ጣሊያን ባኞ ቤቷ አስጠርታን ያንን አረንጓዴ እያሳየች ብትቆጣ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ቧንቧው ያፈሳል? አያፈስም። ታዲያ ምን ሆነች? ጣቴን እንደሆነ በነጻ ነው የጨመርኩላት።» ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ የማያፈሰውን ቧንቧ ሳጠብቅ ቆየሁ።

በዚያ በክፉው የካቲት ከሥራ ሲመለስ ጣሊያኖች መንገድ ላይ ወሰዱት። ወዴት? የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። በዓመቱ ያችው ሴት ባኞዋን ለማሳደስ ስትልክብኝ፣ ጥጉ ውስጥ ገብቼ መገጣጠሚያው ላይ ጣቱን አገኘሁት። መስመሩ እንዳለ ነው። አዲስ ገጥሜላት አሮጌውን በኪሴ ይዤ ወጣሁ። አበደ ትሉኛላችሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ግን የኔን አውራ ጣት እላዩ ላይ አሳርፍና «ልጄ፣ እንደምን አደርክ?» እለው ነበር።

ፈቀደ፣ ምነው አቀረቀርክ? ቀና በል እንጂ! «አረንጓዴ ካየህ አትለፈው» እያልኩ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም? የቧንቧ ሠራተኛ ዝገት አይቶ ሌላ ምን ያደርጋል? አልተቀየምኩህም። ብቻ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ለምን እንደምለቅ ስትጠይቁኝም «ደከመኝ» ነበር ያልኳችሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ሶማሊያ ካለው ከደናኔ እስር ቤት የተፈታ ሰው፣ ድሬዳዋ ላይ ቧንቧ የሚገጥም፣ አንድ እግሩን የሚጎትት የኮልፌ ልጅ አየሁ ብሎ ነገረኝ። ስሙን አልጠየቀውም። የኔ ልጅ እግሩ ደህና ነበር። ግን ሰው ከእስር ቤት እንደገባ ይወጣል? እሱ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ነገ በባቡር እሄዳለሁ። ናፍቆት እያደር ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የኔስ እያደር ባሰበት። እስከዛሬ መዳቧን እየነካሁ ቆየሁ፤ ያን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

እንግዲህ ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። እጃችሁን እሳት አይንካው። ልጆቻችሁ በወጡበት በር በሰላም ይግቡ። የተወሰዱብንን ሁሉ በሕይወት ያገናኘን፤ ይህንንም ጊዜ አሳልፎ ለደጉ ቀን ያብቃችሁ።

አቶ ሰብስቤ፣ አንድ ልለምንዎ። ቦታዬን ለሰው አይስጡብኝ። ለራሴ ብዬ አይደለም። ምናልባት መንገድ ላይ ተላልፈን እሱ በዚህ በር ቢገባ፣ «አባትህ ሊፈልግህ ወጥቷል፣ ቁጭ በል» በሉት። ልከተለው ይላችኋል፤ አውቀዋለሁ። እባካችሁ፣ እንዳይሄድ ያዙልኝ።