ሲጠሩት የሚመጣው ሮዛሊኖ

እስኪ ፍረዱኝ! የእኛ የእንጅባራ ደጋፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ የዝውውር ወሬ ሲያመጣ ጉድ ነው። አድሚኑ «አጥቂው ሮዛሊኖ የኛ ሆኗል፣ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው» ብሎ ሲምል ሲገዘት እኔም አመንኩና፣ ያን ሰሞን አባቴ የገዛልኝን ዳማ ፈረስ «ሮዛሊኖ» አልኩት። ፎቶውን ስለጥፍ ግሩፑ በቀይ ልብ ተጥለቀለቀ።

ክረምቱ ሳይወጣ ተጫዋቹ ለባላንጣችን ፈረመ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠኝ! ያው አድሚን፣ እንኳን ሊያፍር፣ «ፈረስህን በከሃዲ ስም እየጠራህ ከኛ ጋር ልትቀመጥ ነው? ዛሬውኑ ስሙን ቀይር፣ አለዚያ ከግሩፑ ትወጣለህ» ብሎ ጻፈልኝ። ደሜ ፈላ። ሲምል የነበረው እኔ ነኝ እንዴ?

ስልኬን ይዤ ፈረሴ ወደሚግጥበት መስክ ወረድኩ፤ ቪዲዮ ከፍቼ «ሮዛሊኖ!» ብዬ ተጣራሁ። ዳማዬ ሳሩን ትቶ፣ ጋማው እየተበተነ፣ ከመስኩ ማዶ ጋልቦ መጣና አፍንጫውን ደረቴ ላይ አሳረፈ። ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩና ከሥሩ ጻፍኩበት፦ «የኔው ሲጠሩት ይመጣል። ስም የሚቀይር ካለ፣ ሲጠሩት የቀረው ይቀይር!»